ቼክ ኢንጅን በራ ማለት ኦክስጅን ሴንሰር ሞተ ማለት አይደለም

ዳሽቦርዱ ላይ ቢጫዋ የሞተር ምልክት ስትበራ፣ መኪናዋም ቤንዚን መብላት ስታበዛ፣ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ኦክስጅን ሴንሰር ነው። ፍኖተ ሰላም ላይ ይህን የሰማ ሰው ባሕር ዳር ይደውላል፤ ካልተገኘ አዲስ አበባ ያለ ዘመድ ሶማሌ ተራ ይላካል። ዕቃው መጥቶ ይገጠምና መብራቷ በሦስተኛው ቀን ተመልሳ ትበራለች። ሴንሰሩ ያየውን የሚናገር ምስክር ነበር፤ ምስክሩ ተባረረ፣ ጥፋተኛው ግን ኮፈኑ ሥር ቀረ።

ነገሩን በምድጃ እንየው። እንጨት የታጨቀበት ምድጃ አየር አጥቶ ይጨሳል፤ እፍ ሲሉት ይነዳል። ሞተርም እንደዚያው ነው፤ 1 ግራም ቤንዚን በወጉ ለመቃጠል 14.7 ግራም ገደማ አየር ይፈልጋል። ሴንሰሩ እንደ ካንዴላ የጭስ ማውጫው ቱቦ ላይ ተጠምዝዞ ይገባል። ጫፉ ውስጥ ዚርኮኒያ የሚባል ሸክላ መሰል ነገር አለ። ይህ ከ300 ዲግሪ በላይ ሲግል በጭሱና በውጭው አየር መካከል ባለው የኦክስጅን ልዩነት ኤሌክትሪክ ያመነጫል፦ በጭሱ ውስጥ ኦክስጅን ሲተርፍ 0.1 ቮልት ገደማ፣ ቤንዚን ሲበዛ 0.9 ቮልት ገደማ። ኮምፒውተሩ ይህን እያነበበ ቤንዚኑን ይጨምራል፣ ይቀንሳል። ቦሽ የሠራው ይህ ዕቃ መጀመሪያ የተገጠመው በ1976 እ.ኤ.አ. ቮልቮ መኪና ላይ ነበር።

ጎጃም መስመር ላይ ለሚነዳ ሰው ጥቅሙ በዓይን ይታያል። ከጎሃ ጽዮን ዓባይ በረሃ የወረደ፣ ደጀን የወጣ፣ ደብረ ማርቆስን አልፎ ፍኖተ ሰላም የገባ መኪና በአንድ ጉዞ ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁልም ሽቅብም ሄዷል። ቡሬ አካባቢ፣ 2,000 ሜትር ገደማ ላይ፣ አየሩ በባሕር ጠለል ካለው አየር በአንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ነው። አሮጌዋ ባለ ካርቡሬተር ዲኤክስ ይህን አታውቅም፤ ዳገቱን ስትወጣ ጥቁር ጭሷን እያትጎለጎለች ነው። ለቪትዝ ግን ይህ ሴንሰር ከሌሎቹ ጋር ተባብሮ ልኩን ይሰጣታል። (የናፍጣ አይሱዙና የባጃጅ ባለቤቶች አብዛኞቻችሁ ይህ ዕቃ የለባችሁም፤ የቀረውን ብትዘሉት ቅር አልሰኝም።)

እንግዲህ ከመግዛትዎ በፊት ኮምፒውተሩ የመዘገበውን የብልሽት ኮድ ያስነብቡ። ከስልክ ጋር በብሉቱዝ የሚገናኝ ትንሽ ማንበቢያ ይበቃል። ፒ0135 ከሆነ የሴንሰሩ ማሞቂያ መስመር ችግር አለበት ማለት ነው፤ መጀመሪያ ፊውዙንና ስፒናውን ይዩ። ፒ0171 ደግሞ «አየር በዝቷል፣ ቤንዚን አንሷል» የሚል አቤቱታ ነው። ይህን የሚያመጣው የተሰነጠቀ የአየር ቱቦ፣ የደከመ የቤንዚን ፓምፕ፣ ከሴንሰሩ በፊት የተሰነጠቀ የጭስ ቱቦ ወይም ከፈረስ ቤት መንገድ የተሸከሙት አቧራ ያለበሰው የአየር መለኪያ ሊሆን ይችላል።

ከሁሉ የሚያታልለው የደከመ ካንዴላ ነው። ካንዴላው ሳይተኩስ ሲቀር በሲሊንደሩ ውስጥ ያለው ኦክስጅን ሳይቃጠል ወደ ጭስ ቱቦው ያልፋል። ሴንሰሩ «አየር በዛ» ይላል፤ ኮምፒውተሩም አምኖ ቤንዚን ይጨምራል። ባለቤቱ ሴንሰሩን ይረግማል፣ ሴንሰሩ ግን አልዋሸም። በሃይላንድ የተገዛ፣ ላምባ ወይም ውኃ የገባበት ቤንዚንም ሞተሩን በወጉ እንዳይተኩስ ያደርገዋል።

ሴንሰሩ በእውነት የሚሞትበት ጊዜም አለ፤ ዘይት የሚበላ ሞተር ያጠቁረዋል፣ ሲሊኮን ማጣበቂያ ይመርዘዋል፣ ዕድሜም አለ። ከጥር 2016 ዓ.ም. ወዲህ የቤንዚን አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ ስለተከለከለ በእጃችን ያሉት መኪኖች ያረጃሉ፤ ይህን ሥራ ማወቅ የሚጠቅመውም ለዚህ ነው።

ሲገዙ «የቪትዝ ሴንሰር» ብለው አይላኩ። በአሮጌው ላይ የተጻፈውን ቁጥር በስልክ አንስተው ይላኩ፤ ከጭስ ማጣሪያው በፊት ያለው ሴንሰርና ከኋላው ያለው የተለያዩ ናቸው፣ ብዙ ቶዮታዎች ላይ የፊተኛው አሠራሩም ሌላ ነው።

ሴንሰሩን ለመቀየር መኪናዋን ሜዳ ላይ ያቁሙ። ከሥር መግባት ካስፈለገ ጎማውን በድንጋይ ያግዱ፣ ክሪኩ አፈር ውስጥ እንዳይሰምጥ ጣውላ ያንጥፉለት፤ በክሪክ ብቻ በቆመ መኪና ሥር ግን አይግቡ። (ድንጋዩን ሲጨርሱ ያንሱት። አስፋልቱ ላይ ትተውት የሚሄዱ ሰዎች በማታ ለሚነዳ ምን እንደሚያቆዩለት ያውቁታል።) ሞተሩን ጥቂት ደቂቃ አሙቀው ያጥፉ፤ ለብ ያለ ብረት ይላቀቃል፣ የጋለ ግን እጅ ይልጣል። የባትሪውን ኔጌቲቭ ያውርዱ፣ የስፒናውን መቆለፊያ ተጭነው ይንቀሉ። ጥርሱ ላይ ደብሊው ዲ 40 ነፍተው ጥቂት ይጠብቁ። ቁልፉ ብዙውን ጊዜ 22 ነው፤ ገመዱን የሚያሳልፍ ጎኑ የተሰነጠቀ ቡሶላ ቢገኝ ይመረጣል። አልላቀቅ ካለ በመዶሻ አይምቱት፤ ጥርሱ ከተበላ ቱቦውንም ያጣሉ።

አዲሱን ጫፉን ሳይነኩ ይያዙት። ጥርሱ ላይ ያለው ቅባት ከፋብሪካው የመጣ ነው፣ አይጥረጉት፤ ጫፉ ላይም እንዳያርፍ ይጠንቀቁ። የመጀመሪያዎቹን ዙሮች በእጅ ብቻ ያስገቡ፤ ከዚያ በቁልፍ ጠበቅ ያድርጉት፣ ልኩ 40 ኒውተን ሜትር ገደማ ነው። ገመዱ ከጋለው ቱቦ እንዲርቅ በነበረበት መያዣ ይመልሱት። ስፒናው አልገጥም ቢል ገመዱን ቆርጦ የሚቀጥል አይጠፋም። እኔ አልመክርም፤ ብዙዎቹ ሴንሰሮች የሚያነጻጽሩበትን የውጭ አየር የሚስቡት በዚያው ገመድ ውስጥ ነው፣ በብየዳ ከተደፈነ ንባቡ ይዛባል።

ባትሪውን መልሰው ኮዱን ያጥፉና እስከ ቡሬ ደርሰው ይመለሱ። ኮምፒውተሩ እንደገና እስኪለምድ መጀመሪያ ላይ ሞተሩ ትንሽ ሊያመነታ ይችላል። ያው ኮድ ከተመለሰ አሮጌውን አይጣሉት፤ ምናልባት ጤነኛው እሱ ነው።