«ተመታሁ» የሚለው ማነው?

ላርፕ የሚባል ጨዋታ አለ። ተጫዋቾቹ ልብስ ለውጠው ንጉሥ፣ ወታደር ወይም ሐኪም ይሆናሉ፤ ታሪኩን ሜዳ ላይ እየተሯሯጡ ይጫወቱታል። ኤርሶፍት ደግሞ ትንንሽ የፕላስቲክ ጥይት በሚተኩስ መጫወቻ የሚደረግ የቡድን ጨዋታ ነው። ጣሊያኖች «ሶፍትኤር» ይሉታል። ተኳሾቹ ስምና ታሪክ ሲሰጣቸው ሁለቱ ጨዋታዎች ይገናኛሉ፦ አንዱ ቆስሎ ይወድቃል፣ ሌላው ሐኪም ሆኖ ያነሳዋል።

ይህ ለእኛ እንግዳ አይደለም። ልጆች ሌባና ፖሊስ ይጫወታሉ። በጉግስ ደግሞ ፈረሰኞች በሁለት ወገን ይከፈላሉ፤ አንዱ ብረት የሌለው ዘንግ ይወረውራል፣ ሌላው በጋሻ ይመክታል። ጦርነት ይመስላል እንጂ ጦርነት አይደለም።

ሮም ዳርቻ ሰላም ፓላስ የሚባል ሕንፃ አለ። ድሮ የዩኒቨርሲቲ ነበር። እ.ኤ.አ. ከ2006 ጀምሮ ከኢትዮጵያ፣ ከኤርትራ፣ ከሶማሊያና ከሱዳን የመጡ ስደተኞች ገብተውበታል። እዚያ የማውቃቸው አንዲት እናት አሉ። የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጃቸው ከጓደኞቹ ጋር ሶፍትኤር መጫወት ፈለገ።

«እኔ ከጠመንጃ ሸሽቼ መጣሁ፤ አንተ ልትጫወትበት?» አሉት።

«እማዬ፣ እሱ እኮ አይገድልም» አላቸው።

ሁለቱም እውነት አላቸው። እኔ የሶፍትዌር መሐንዲስ ስለሆንኩ ስለ ሕጉ ነገርኳቸው። በጣሊያን የመጫወቻው ጉልበት ከ1 ጁል መብለጥ የለበትም። ተጫዋቾች የዓይን መከላከያ ያደርጋሉ። ደግሞም ጥይቱ እንደ ፔይንትቦል ቀለም አይቀባም። ስለዚህ የተመታው ሰው ራሱ እጁን አንስቶ «ተመታሁ» ይላል። እኛ በኮምፒውተር ሁሉን ነገር በፕሮግራም እናረጋግጣለን፤ እዚህ ግን የሚያረጋግጠው የተጫዋቹ ሐቀኝነት ነው።

«ቢዋሽስ?» አሉኝ።

«ጓደኞቹ ሁለተኛ አያጫውቱትም» አልኳቸው።

ትንሽ ዝም ብለው ልጃቸውን አዩት። «እሺ፣ ሂድ። መሣሪያው ግን እዚህ ቤት አይግባ። ጎረቤቶቻችን ሲያዩት ምን እንደሚያስታውሳቸው አንተ አታውቅም» አሉት።

ልጁም ተስማማ። መጫወቻውን ጓደኛው ቤት ያስቀምጣል። ለእኔ ይህም የጨዋታው ሕግ አንድ ክፍል ነው፦ ሜዳው የት እንደሚያበቃ ማወቅ።

የዛሬ ቃላት
መከተ፦ ምት እንዳያገኘው ተከላከለ።
ሐቀኝነት፦ እውነተኛ መሆን።
ዘንግ፦ ረጅም ዱላ።

ለቤተሰብ ውይይት፦ እናትና አባታችሁ በልጅነታቸው ምን ይጫወቱ ነበር? ያታለለ ልጅ ምን ይደረግ ነበር? በአማርኛ ጠይቋቸው።