የጉልበት ጅማቶች ጉዳት ምርመራና የራጅ ድርሻ

ጉልበቱን ተጎድቶ ወደ ጤና ተቋም ለሚመጣ ሕመምተኛ ብዙውን ጊዜ ራጅ ይታዘዝለታል፤ ስብራት ካልታየም ማስታገሻ ተሰጥቶት ይሰናበታል። ይሁን እንጂ ጅማት በራጅ ላይ አይታይም። የፊተኛው መስቀለኛ ጅማት ሙሉ በሙሉ ተበጥሶ ሳለ ራጁ ምንም እንከን የሌለበት ሊሆን ይችላል።

የጉዳቱ ታሪክ ብዙ ይናገራል። እግሩ መሬት ላይ እንደተተከለ ሰውነቱ የዞረበት፣ «ቋ» የሚል ድምፅ የሰማና ጉልበቱ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ያበጠ ሰው፣ በመገጣጠሚያው ውስጥ ደም እንደፈሰሰ ሊጠረጠር ይገባል፤ ከዚህም መንስኤዎች ቀዳሚው የዚሁ ጅማት መበጠስ ነው። ዘግይቶ የሚመጣው ደግሞ «ዞር ስል ጉልበቴ ይከዳኛል» ይላል።

ከእጅ ምርመራዎች የላክማን ምርመራ ብልጫ አለው። ሕመምተኛው በጀርባው ተኝቶ ጉልበቱ ከ20 እስከ 30 ዲግሪ ይታጠፋል፤ መርማሪው በአንድ እጁ ጭኑን አጽንቶ፣ በሌላው ቅልጥሙን ወደ ፊት ይስባል። ቅልጥሙ ከጤነኛው ወገን ይበልጥ ከተንሸራተተና በመጨረሻው ላይ የሚገታው ከሌለ ጅማቱ ተበጥሷል ለማለት ያስደፍራል። ስለዚህ ጤነኛውን እግር አስቀድሞ መመርመር ያስፈልጋል። ሕመሙ ጡንቻውን ስለሚያኮማትር የመጀመሪያው ቀን ምርመራ ሊያታልል ይችላል፤ እብጠቱ ሲቀንስ፣ ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ባለው ጊዜ፣ ይደገም።

ራጅ ግን ከንቱ አይደለም። ዕድሜው 55 ዓመትና ከዚያ በላይ ለሆነ፣ አራት እርምጃ መራመድ ወይም ጉልበቱን እስከ 90 ዲግሪ ማጠፍ ላልቻለ ጎልማሳ ሊነሳ ይገባል፤ የጉልበቱ ሎሚ ብቻ ወይም የቀጭኑ ቅልጥም አጥንት ራስ ሲነካ ለሚያመውም እንዲሁ። ፊልሙ ሲነበብ የወፍራሙ ቅልጥም አጥንት የላይኛ ጫፍ ውጫዊ ጎን በጥንቃቄ ይታይ። ፈረንሳዊው ሐኪም ፖል ሴጎን እ.ኤ.አ. በ1879 የገለጸው ትንሽ የአጥንት ስንጣሪ እዚያ ከታየ፣ የፊተኛው መስቀለኛ ጅማት መበጠሱ አይቀርም ማለት ይቻላል። ኤም አር አይ ጅማቱን፣ ሜኒስከሱንና የአጥንቱን ውስጣዊ ጉዳት አጉልቶ ያሳያል፤ ይበልጥ የሚጠቅመውም የእጅ ምርመራው አጠራጣሪ ሲሆን ወይም ቀዶ ሕክምና ሲታሰብ ነው።

ከሁሉ የሚያሰጋው ጉልበቱ በብዙ አቅጣጫ የሚላላበት ሕመምተኛ ነው። ይህ ወልቆ በራሱ የተመለሰ ጉልበት ሊሆን ይችላል፤ ራጁ ደኅና መስሎ ከጉልበቱ ጀርባ ያለው የደም ቅዳ ተጎድቶ ይሆናል። የእግር ትርታ መዳሰሱ ብቻውን አያስተማምንም። የቁርጭምጭሚቱ የደም ግፊት ለክንዱ ሲካፈል ከ0.9 በታች ከሆነ ሕመምተኛው በአስቸኳይ ወደ ቀዶ ሐኪም ይላክ። የደም ዝውውሩ በ8 ሰዓት ውስጥ ካልተመለሰ እግሩን የማጣት አደጋው እጅግ ይጨምራል። መለኪያው በሌለበት ትርታው፣ የእግሩ ሙቀትና የስሜቱ ሁኔታ በየሰዓቱ ከሌላው እግር ጋር እየተነጻጸረ ይመዝገብ፤ ወጌሻ ጠበቅ አድርጎ ያሰረው ካለም ከሁሉ በፊት ይፈታ።