ልቡ ከቆመ ለጋሽ የተገኘ ጉበት

ቶማስ ስታርዝል እ.ኤ.አ. በ1963 ዴንቨር ውስጥ የመጀመሪያውን የጉበት ንቅለ ተከላ ሲሞክር ሞት የሚለየው በልብ መቆም ነበር። በ1968 በሃርቫርድ የተሰየመው ኮሚቴ የአንጎልን ሞት ሲበይን ግን ቀዶ ሐኪሞች ልባቸው እየመታ አንጎላቸው ወደሞተ ለጋሾች ዞሩ። የእነዚህ ለጋሾች ጉበት እስኪወጣ ድረስ ደም አይቋረጥበትም። ይሁን እንጂ ወረፋ የሚጠብቀው ሕመምተኛ ከለጋሹ እየበዛ ሄደ፤ ሐኪሞችም ልቡ ወደቆመው ለጋሽ ተመለሱ።

አሠራሩ ጥብቅ ነው። ሐኪሞችና ቤተሰብ ተስፋ የሌለውን ታማሚ ከመተንፈሻ መሣሪያ ለመንቀል ሲወስኑ የንቅለ ተከላ ቡድኑ እጁን አያስገባም። ልብ ከቆመ በኋላ በብዙ አገሮች አምስት ደቂቃ ይጠበቃል፤ ሞት ይረጋገጣል፤ ቀዶ ሕክምናው የሚጀመረው ከዚያ ወዲያ ነው።

ጉበቱ የሚጎዳው እስኪቀዘቅዝ ድረስ ኦክስጅን አጥቶ በሰውነት ሙቀት በሚቆይባቸው ደቂቃዎች ነው። ይበልጥ የሚጎዱት የሐሞት ቱቦዎች ናቸው። የጉበቱ ሥጋ ደም የሚያገኘው ከሁለት መንገድ ሲሆን ቱቦዎቹ ግን በአንዲት ደም ቅዳ ላይ የተንጠለጠሉ ናቸው። ከንቅለ ተከላው ወራት በኋላ ጠባሳ ያወጣሉ፤ ይጠባሉ፤ ተቀባዩን ለሁለተኛ ጉበት ይዳርጋሉ። በረዶ ጉዳቱን ያዘገያል እንጂ አያስቀረውም። በረዶ ውስጥ ያለ ጉበት ደግሞ ይሥራ አይሥራ አይታወቅም።

ይህን የሚፈትነው መሣሪያ የመጣው ከኦክስፎርድ፣ ከቀዶ ሐኪሙ ፒተር ፍሬንድና ከመሐንዲሱ ኮንስታንቲን ኩሲዮስ ነው። ለንደን ላይ በ2013 ለመጀመሪያ ጊዜ ለሕክምና ዋለ። በ37 ዲግሪ ሙቀት፣ ኦክስጅን የተሸከመ ቀይ የደም ሕዋስ በጉበቱ ውስጥ እያዘዋወረ እስከ 24 ሰዓት ያቆየዋል። ጉበቱ ሐሞት ያመነጫል፤ ሐኪሞችም የሚሠራ ጉበት ከደም የሚያጸዳው ላክቴት የተባለ ንጥረ ነገር ሲወርድ እየለኩ ይተከል አይተከል ይወስናሉ።

በርሚንግሃም ውስጥ ሌሎች ማዕከላት አንቀበልም ያሏቸው 31 ጉበቶች በዚህ መንገድ ተፈተሹ። በ2020 በታተመው ውጤት መሠረት 22ቱ ተተከሉ፤ ተቀባዮቹም ሁሉ ከ90 ቀን በኋላ በሕይወት ነበሩ። ኋላ ግን አራቱ በሐሞት ቱቦ መጥበብ ምክንያት ዳግም ንቅለ ተከላ አስፈለጋቸው። ማሽኑ የጉበቱን ሥጋ ቢፈትንም ቱቦዎቹን አላዳነም።

ለቱቦዎቹ የተሻለው መላ የተገኘው ከቅዝቃዜ ነው። በኔዘርላንድስ ግሮኒንገን የተመራው ጥናት ልባቸው ከቆመ ለጋሾች የተገኙ ጉበቶችን ቢያንስ ሁለት ሰዓት፣ በ10 ዲግሪ ገደማ፣ ኦክስጅን በበዛበት ፈሳሽ አጥቧል። በ2021 የወጣው ውጤት ከ156 ተቀባዮች መካከል የቱቦ መጥበብ በበረዶ ብቻ ከተቀመጡት 18 በመቶውን፣ በማሽን ከታጠቡት 6 በመቶውን እንዳገኘ ያሳያል።

የቀዝቃዛው መንገድ ጉድለት የጉበቱን ሥራ በሚገባ አለማሳየቱ ነው። ስለዚህ የግሮኒንገን ሐኪሞች በሚያጠራጥር ጉበት ላይ ሁለቱን ያስከትላሉ፦ ቀድሞ በቅዝቃዜ ቱቦዎቹን መጠበቅ፣ ከዚያ በሙቀት ሥራውን መፈተን።