ዲኤክስ ለምትወዱ፦ ከጉልበት በፊት ፍሬን

ቦሌ መንገድ ላይ የሚታየው የመኪና ዓይነት በጥቂት ዓመታት ውስጥ ተቀይሯል። ድምፅ የማያሰሙ የኤሌክትሪክ መኪኖች በየመብራቱ ተደርድረው ይቆማሉ። ከመሃላቸው አንዲት ማዕዘኗ ሹል፣ ዝቅ ያለች፣ ቀለሟ የሚያብረቀርቅ አሮጌ ኮሮላ ብቅ ስትል ግን ስልኩን አውጥቶ የሚቀርጻት በእጥፍ የምትበልጠው ወጣት ነው። ዲኤክስ ናት።

እኔም አንዷን ይዤ ከአያት ቦሌ በየቀኑ እመላለሳለሁ። ነዳጅ ማደያም ሆነ ፓርኪንግ ላይ የሚያስቆመኝ አይጠፋም። "ምን ሞተር ገባላት? ቸርኬውን ከየት አገኘኸው? ስንት ፈጀብህ?" ስለ ፍሬኗ የጠየቀኝ ሰው ግን እስካሁን የለም። ይህን ጽሑፍ ያስጻፈኝም እሱ ነው።

ለምን ዲኤክስ?

"ዲኤክስ" ዴሉክስ የሚለው ቃል ምህጻር ነው። የሞዴል ስም ሳይሆን የደረጃ ስም ነበር። እኛ ጋ ግን አራተኛው ትውልድ ኮሮላ፣ በፋብሪካ ኮዱ ኬኢ 70፣ ስሙን ጠቅልሎ ወሰደው። ቶዮታ ይህን ትውልድ ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1979 ነው። እ.ኤ.አ. በ1983 የመጣው ተከታይ ትውልድ ሲዳኑን በፊት ጎማ የሚነዳ አደረገው። ስለዚህ ዲኤክስ ከኋላ ጎማ የምትገፋ የመጨረሻዋ ኮሮላ ሲዳን ናት።

የስፖርት ዝናዋም ከዚህ ይጀምራል። "ኢኒሻል ዲ" በተባለው የጃፓን ካርቱን ዓለም ያወቃት ኤኢ 86 መሠረቷን የወሰደችው ከዚሁ ትውልድ ነው። ጃፓን ውስጥ ራሱ ዲኤክስ የምንላት መኪና መንታ ካም ሞተር የተገጠመላት ጂቲ ሲዳን ነበራት። ክብደቷ 900 ኪሎ ገደማ ነው። ሲዳኗ ከኋላ የተቀመጠችው በባልስትራ ሳይሆን በሞላ ነው። ቀላል ናት፣ ከኋላ ትገፋለች፣ መንገድ ትይዛለች። አጥንቱ አላት ማለት ነው።

ሌላው ምክንያት ኪስ ነው። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ያገለገለ መኪና ባረጀ ቁጥር ታክሱ እንዲከብድ አደረገ። በጥር 2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ከእንግዲህ ወደ አገር እንደማይገቡ የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስትሩ ይፋ አደረጉ። በዚያው ዓመት ሐምሌ 22 ቀን የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ የመለዋወጫ ዋጋም አብሮ ሄደ። ግቢ ውስጥ የቆመችው የአባት መኪና እንደገና ዓይን ውስጥ የገባችው በዚህ መሃል ነው።

"ታዲያ ኤሌክትሪክ አትገዛም?" የምትሉኝ ትኖራላችሁ። እውነቱን ለመናገር፣ ቤንዚን በሊትር ከ100 ብር ካለፈ በኋላ ሒሳቡ ብቻ ከሆነ የሚታየው ኤሌክትሪክ ያሸንፋል። ዲኤክስ ለማትረፍ አትሠራም። ያለቻችሁን መኪና ለማዳን፣ ወይም ስለምትወዷት ትሠራላችሁ። የምትወዷት ከሆነ ደግሞ እንዳትገድላችሁ አድርጋችሁ ሥሯት።

ጋራዥ ስትገቡ

መጀመሪያ ቋንቋውን ያዙ። ዩቲዩብ ላይ የተማራችሁትን እንግሊዝኛ እዚያው ተዉት። የእኛ ጋራዥ እስከ ዛሬ በጣልያንኛ ነው የሚያወራው፦ ፍሪሲዮን፣ ካንዴላ፣ ቴስታታ፣ ኩሽኔታ፣ ማርሚታ፣ ኮፈን፣ ፍሬቻ። ሶማሌ ተራ ሄዶ "ስፓርክ ፕለግ" የሚል ልጅና "ካንዴላ" የሚል ልጅ እኩል ዋጋ ይጠራላቸዋል ብላችሁ እንዳታስቡ።

ሁለተኛ፣ ማግኔት ያዙ። ልትገዙ ያሰባችኋት መኪና አካል ላይ በየቦታው ጠጋ አድርጉት። ማግኔቱ ካልያዘ ከቀለሙ ሥር ያለው ላሜራ ሳይሆን ወፍራም ስቱኮ ነው። ምንጣፉን አንስታችሁ ወለሉን እዩ፤ በተለይ የመቀመጫ ቀበቶው የታሰረበትን ቦታ። ቀበቶ የሚይዘው ላሜራውን ነው፤ ላሜራው ከዛገ ቀበቶው ጌጥ ነው።

ያቺ ቀን

መኪናዋን በያዝኩ በሦስተኛው ወር ከሲኤምሲ ወደ ጉርድ ሾላ እየመጣሁ ነበር። ሁለት ቀን ቀደም ብሎ አንድ ጋራዥ አይቷት "ፍሬኗ ሰላም ነው" ተብያለሁ። ዜብራው ላይ ተማሪዎች መሻገር ሲጀምሩ ፍሬን ረገጥኩ። ፔዳሉ ወደ ወለሉ ሰመጠ። የፊቱ መስመር ሄዶ የቀረኝ የኋላው ብቻ ነበር። ማርሽ ቀንሼ፣ የእጅ ፍሬን ስቤ፣ ዜብራው ጋ ልትደርስ ሁለት እርምጃ ሲቀራት ቆመች። አንዷ ልጅ ዞር ብላ አየችኝና መንገዷን ቀጠለች። ምን እንደተረፈች አላወቀችም።

ጥፋተኛው ከውጭ ሲያዩት ጤነኛ የሚመስል የላስቲክ ቱቦ ነበር። ላስቲክ ከውስጥ ነው የሚያረጀው። አዲስ አበባ ውስጥ በመኪና አደጋ ከሚሞቱት አብዛኞቹ እግረኞች መሆናቸውን ሁላችንም በዜና ሰምተነዋል። እኔ ግን የገባኝ ያን ቀን ነው።

ስለዚህ የመጀመሪያው ብር ፍሬን ላይ ይዋል። የላስቲክ ቱቦውንና ጎማ ነክ ዕቃውን ሁሉ፣ "ደህና ነው" ቢባልም፣ ቀይሩት። የፍሬን ዘይት ከአየር ላይ እርጥበት ይስባል፤ በሁለት ዓመት አንዴ ሙሉ ለሙሉ ይቀየር። ዲኤክስ ከፊት ዲስክ፣ ከኋላ ከበሮ ነው ያላት፤ ኤቢኤስ የላትም፣ ኤርባግ የላትም። ያላት እግራችሁና ያ ዘይት ብቻ ነው።

ጎማም እንዲሁ። ጎኑ ላይ የታተሙትን አራት አኃዞች አንብቡ፦ 2319 ካለ በ2019 እ.ኤ.አ. 23ኛው ሳምንት ላይ የተሠራ ነው። ጥርሱ አዲስ ቢመስልም ዕድሜው ከሄደ አትግዙት። ቸርኬ ላይ ደግሞ ብዙ ሰው የሚሸወድበት ነገር አለ። የዲኤክስ አራት ብሎኖች የተቀመጡት በ114.3 ሚሊ ሜትር ክብ ላይ ነው፤ የቪትዝ ግን በ100። የቪትዝን ቸርኬ "ትንሽ አስፍተን እናስገባዋለን" የሚላችሁ ካለ ቁልፋችሁን ተቀብላችሁ ውጡ።

የአዲስ አበባ አየር

ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር ከፍ ብላ ነው ያለችው። እዚህ ያለው የአየር ግፊት ከባሕር ጠለሉ በሩብ ገደማ ያንሳል። አየር ካነሰ ካርቡሬተር ያላት ሞተር ጉልበቷ በዚያው ልክ ይቀንሳል። ወረቀት ላይ 100 የፈረስ ጉልበት የሚባል ሞተር ቦሌ ላይ የሚሰጣችሁ ከ75 እስከ 80 ነው።

ጉዳዩ በዚህ አያበቃም። ካርቡሬተሩ ለዝቅተኛ ቦታ ተለክቶ ከመጣ፣ አየሩ ሲሳሳ ቤንዚኑ ይበዛል። ካንዴላውን አውጥታችሁ እዩት። ፈዘዝ ያለ ቡናማ ከሆነ ጥሩ ነው፤ ደረቅ ጥላሸት ከለበሰ ገንዘባችሁ በማርሚታ እየወጣ ነው። መፍትሔው ቤንዚን የሚያሳልፈውን ቀዳዳ ማስፋት ሳይሆን በጠበበ መቀየር ነው። "ጉልበት እንዲኖራት ቤንዚን እናብዛላት" የሚለው ምክር እዚህ ከተማ የተገላቢጦሽ ነው።

ውኃም እንደዚሁ። ቤታችሁ የምታፈሉት ውኃ በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ ገደማ ነው የሚፈላው። ሞተሩም ያንኑ ሕግ ያከብራል። የሚያድነው ግፊቱን አፍኖ የሚይዘው የራዲያተር ክዳን ነው። ጤነኛ ክዳን ውኃው እስከ 115 ዲግሪ ገደማ ሳይፈላ እንዲቆይ ያደርጋል፤ ላስቲኩ የተበላ ክዳን ግን ከመገናኛ እስከ ቦሌ ባለ መጨናነቅ ውስጥ ቴስታታ ያስቀይራችኋል። በጣም ርካሹ ዕቃ ነው፣ በጣም ውዱን ዕቃ የሚጠብቀው። መኪና ሞቀ ብለው ቴርሞስታቱን አውጥተው የሚጥሉም አሉ። እሱ በሽታውን ይደብቃል እንጂ አያድንም፤ ጠዋት ጠዋት ሞተሩ ሳይሞቅ እየሄደ ቤንዚን ይበላል፣ ቶሎም ይበላሻል።

ሌላም የማይታሰብ ነገር አለ። የፍሬን እገዛ የሚሰጠው ክብ ጣሳ የሚሠራው በውጭው አየር ግፊት ነው። ግፊቱ ካነሰ እገዛውም ያንሳል። ዲኤክስ እዚህ ከተማ ጠንከር ያለ እግር የምትፈልገው አንድም ለዚህ ነው።

ጉልበት የፈለገ

ይህ ሁሉ ካለቀ በኋላ ወደ ሞተር እንምጣ። የመጀመሪያው 4ኬ 1,290 ሲሲ ነው። ቀላሉ መንገድ የዚያው ቤተሰብ የሆነውን 5ኬ፣ ማለትም ላይትኤስ ቫን ላይ የሚገኘውን 1,486 ሲሲ ማስገባት ነው። መቀመጫውም ካምቢዮውም ብዙ ሳይነካካ ይገባል። ለዕለት ተዕለት መንዳት ለእኔ በቂ ሆኖልኛል።

ሁለተኛው መንገድ ከ1990ዎቹ ኮሮላ የሚገኘው 4ኤ ኤፍኢ ነው። ኢንጀክሽን ስለሆነ ለከፍታው ራሱን ያስተካክላል፤ ጠዋት በአንድ ቁልፍ ይነሳል። ግን ለፊት ጎማ የተሠራን ሞተር ወደ ኋላ ጎማ ማዞር ሌላ ካምቢዮ፣ ሌላ ማሰሪያ፣ የኤሌክትሪክ የቤንዚን ፖምፓ፣ ኮምፒውተርና ሙሉ የሽቦ ሥራ ይጠይቃል። ግማሹ ተሠርቶ ግማሹ በፕላስተር የታሰረ የሽቦ ሥራ የቤንዚን መስመር አጠገብ ማለፍ የለበትም።

ገርጂ ያሉ፣ የሰፈሩ ልጅ ሁሉ "ጋሼ" የሚላቸው አንጋፋ መካኒክ አሉ። አንድ ቀን እኔ ባለሁበት አንድ ልጅ ሞተር ጭኖ መጣ።

"ጋሼ፣ ይቺን ዛሬውኑ ይግጠሙልኝ።"

ከመኪናው ሥር ገብተው ብዙ ቆዩ። ሲወጡ እጃቸውን እየጠረጉ፣ "ልጄ፣ ማስሮጡን እናውቅበታለን። ማቆሚያውን ሳትሠራ ግን ይህን አልገጥምልህም" አሉት።

ልጁ ተናዶ ሄደ። በሳምንቱ የፍሬን ዕቃ ይዞ ተመለሰ።

ሊብሬ፣ ቦሎና ጎረቤት

ሊብሬያችሁ ላይ የሞተርና የሻንሲ ቁጥር ተጽፏል። የተሽከርካሪ ምዝገባ በአዋጅ ቁጥር 681/2002 የሚመራ ነው፤ ሞተር ወይም ቀለም የምትቀይሩ ከሆነ ከመቀየራችሁ በፊት የተመዘገባችሁበት ቅርንጫፍ ሄዳችሁ ጠይቁ። ለገባው ሞተር የግዢ ሰነድ ያዙ። አለበለዚያ ለዓመታዊ ቦሎ ስትቀርቡ፣ ወይም አንድ ቀን ልትሸጧት ስትሉ፣ ቁጥሩ አልገጥም ይላል። የመድን ጣጣውም አለ፦ ሊብሬው የሚለውና ኮፈን ሥር ያለው ካልተመሳሰለ በአደጋ ጊዜ ክርክር ነው የሚጠብቃችሁ።

ስለ ድምፅም አንድ ነገር። ማርሚታ ቆርጦ ሌሊት ቀለበት መንገድ ላይ መጮህ ጉልበት አይጨምርም። መብራትም እንደዚያው፤ ከፊት የሚመጣውን የሚያሳውር ኤልኢዲ ከመሰካት በጥሩ ሪሌ የሚሠራ ሃሎጅን ይሻላል። አሮጌው ሽቦ ኃይሉን መንገድ ላይ ስለሚበላው ነው መብራቱ የሚፈዘው።

ቅደም ተከተሉን በአጭሩ ላስቀምጥ፦ ላሜራና ቀበቶ፣ ከዚያ ፍሬንና ጎማ፣ ከዚያ ውኃና ራዲያተር፣ ከዚያ ሽቦና መብራት፣ ከዚያ ሞተር። ቀለም መጨረሻ። የስልክ ቻርጀርና ብሉቱዝ በማንኛውም ሰዓት ይገባሉ፤ እነሱ ላይ አልጣላችሁም። ብር ካለቀባችሁ ዝርዝሩ ላይ የደረሳችሁበት ቦታ ቁሙ። ቀለሟ የደበዘዘ፣ ሞተሯ የፋብሪካ የሆነ፣ ፍሬኗ ግን እጅ በእጅ የሚይዝ ዲኤክስ በየቀኑ ሥራ ታደርሳችኋለች፣ ማታም ቤት ትመልሳችኋለች።