የወሰን ክርክርና የከፋ ቡና መንገድ

የቀድሞው የከፋ መንግሥት ግዛቱን በጥልቅ ጉድባና በኬላ ያስጠብቅ ነበር፤ ከሩቅ አገር የሚመጡ ነጋዴዎችም በቦንጋ ይገበያዩ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1897 ንጉሥ ጋኪ ሸሮቾ በዐፄ ምኒልክ ጦር ከተማረኩ በኋላ የጉድባው አገልግሎት ቀረ። ዛሬ የቦንጋ ቡና መንገዱ የሚቃናበት ወይም የሚሰናከልበት ወሰን በሰሜን ጠረፍና በቀይ ባሕር ላይ ይገኛል።

ለዚህ ዋናው ምስክር የባድመ ጉዳይ ነው። በግንቦት 1990 ዓ.ም. በኢትዮጵያና በኤርትራ መካከል ጦርነት ሲነሣ የአሰብ ወደብ ለኢትዮጵያ ንግድ ተዘጋ፤ ጭነቱም ወደ ጅቡቲ ዞረ። ሁለቱ መንግሥታት ታኅሣሥ 3 ቀን 1993 ዓ.ም. በአልጀርስ ተፈራረሙ፤ የወሰን ኮሚሽኑም ሚያዝያ 5 ቀን 1994 ዓ.ም. ውሳኔውን ሰጠ። በውሉ መሠረት ውሳኔው የመጨረሻና አስገዳጅ ነበር። ይሁን እንጂ ባድመ ለኤርትራ በመወሰኑ ኢትዮጵያ ተቃወመች፤ ሙሉ በሙሉ መቀበሏን ያስታወቀችው በ2010 ዓ.ም. ነው። እስከዚያ ድረስ ሠራዊት ከጠረፉ አልተነሣም። ከዕርቁም በኋላ አሰብ ወደ ቀድሞ አገልግሎቱ አልተመለሰም።

ፍርድ አስፈጻሚ ሲያጣ የአገር ጥበቃ ሸክም በጦር ላይ ይወድቃል። ለጦር መሣሪያ የውጭ ምንዛሪ ያስፈልጋል፤ ምንዛሪውን ከሚያስገኙት ዋና ዋና ዕቃዎች አንዱ ቡና ነው። ስለዚህ የክርክሩ ወጪ ከቦንጋው ጆንያም ላይ ይነሣል።

የባሕሩም ነገር ከዚህ አይርቅም። በታኅሣሥ 1975 ዓ.ም. የተፈረመው የባሕር ሕግ ስምምነት የባሕር በር ለሌላቸው አገሮች የመተላለፊያ መብት ይሰጣል፤ አፈጻጸሙ ግን ከመተላለፊያው አገር ጋር በሚደረግ ውል ይወሰናል። መርከብንም ከጥቃት የሚያድን ጽሑፍ የለም፤ ከኅዳር 2016 ዓ.ም. ጀምሮ የየመን ሁቲዎች የንግድ መርከቦችን ማጥቃት በያዙ ጊዜ ብዙ ኩባንያዎች በደቡብ አፍሪካ ጫፍ ዞሩ፤ የጭነት ኪራይና የጦር አደጋ መድን ዋጋም ተወደደ።

ውሉ በኢትዮጵያ ሕግ የሚዳኝ ነጋዴ የ1952ቱን የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1792 ማስተዋል ይገባዋል። አስቀድሞ ሊታሰብ የሚችል ወይም የውሉን አፈጻጸም የሚያከብድ ብቻ የሆነ ነገር ከዐቅም በላይ የሆነ ኃይል ተብሎ አይቆጠርም። የቀይ ባሕር አደጋ ደግሞ ለሁሉ የታወቀ ሆኗል። እንግዲህ የኪራይና የመድን ጭማሪ በማን ላይ እንደሚወድቅ፥ መርከቡ መንገድ ቢለውጥም የርክክቡ ቀን በስንት ቀን እንደሚራዘም በሽያጩ ውል ላይ አስቀድሞ ማጻፍ ይበጃል። ጅቡቲ ላይ መርከብ አሳፍሮ የሚያስረክብ ላኪም ቢሆን ኪራዩ አይመለከተኝም ብሎ መዘናጋት የለበትም፤ ገዢው ጭማሪውን ከቡናው ዋጋ ላይ ሊቀንስ ይችላልና።