የትከሻ የእንቅስቃሴ ስፋት

የትከሻ የእንቅስቃሴ ስፋት ክንድ ወደ ፊት፣ ወደ ጎን፣ ወደ ላይና ወደ ኋላ ያለ ሕመም ሊደርስ የሚችልበት መጠን ሲሆን የሚለካውም በዲግሪ ነው። ጤናማ ወጣት ክንዱን ከጎኑ አንስቶ ወደ ላይ ቀጥ አድርጎ ሲዘረጋ ወደ 180 ዲግሪ ይደርሳል። ስፋቱ ሲቀንስ መጀመሪያ የሚከብዱት ከራስ በላይና ከራስ ኋላ የሚሠሩ ሥራዎች ናቸው። በጅማ ዞን የሚካሄደው የቡና ለቀማ የመጀመሪያው ዓይነት ሥራ ነው። ለሁለተኛው ደግሞ በጀርባቸው የአየር ሲሊንደር ተሸክመው ወደ ጥልቅ ውኃ የሚገቡ ጠላቂዎች የሚያደርጉት የቫልቭ ልምምድ ጥሩ ምሳሌ ነው።

አሠራሩ

ከሰውነት መገጣጠሚያዎች ሁሉ በብዙ አቅጣጫ የሚንቀሳቀሰው ትከሻ ነው። የክንድ አጥንት ራስ ትልቅና ክብ ሲሆን የሚቀመጥበት ጉድጓድ ግን ጥልቀት የለውም። በመሆኑም አጥንቱን በቦታው ይዘው የሚያቆዩት በዋናነት ጡንቻዎችና ጅማቶች ናቸው። ከእነዚህ ውስጥ መገጣጠሚያውን የሚከቡት አራት ጡንቻዎች ሮታተር ከፍ ይባላሉ።

ክንድ ወደ ላይ ሲነሳ መገጣጠሚያው ብቻውን አይሠራም። ከ180 ዲግሪው ወደ 120 የሚሆነው ከመገጣጠሚያው ይገኛል፤ ወደ 60 የሚሆነው ደግሞ ስካፑላ የሚባለው ሰፊ የትከሻ አጥንት በጀርባ ላይ በመዞሩ የሚገኝ ነው። የላይኛው ጀርባም ቀና ማለት አለበት። ይህን ማንም ሰው በራሱ ላይ ሊሞክረው ይችላል፦ ጎብጦ ተቀምጦ ክንዱን ወደ ላይ ያነሳል፣ ከዚያም ቀና ብሎ ይደግመዋል። ልዩነቱ ወዲያው ይታያል። ቀኑን ሙሉ ኮምፒውተር ላይ አጎንብሶ የሚውል ሰው ጉድለቱ ትከሻው ላይ ይመስለዋል እንጂ ብዙ ጊዜ የደነደነው ጀርባው ነው። የደረት ጡንቻዎችና ከወገብ እስከ ክንድ የሚዘልቀው ትልቁ የጀርባ ጡንቻ ሲያጥሩም ክንድ ወደ ላይ እንዳይሄድ ይጎትቱታል።

በቡና ለቀማ

አራቢካ ቡና ሳይገረዝ ከተተወ ከ5 ሜትር በላይ ሊያድግ ይችላል። እንደ ዋንዛና ሰሳ ባሉ ዛፎች ጥላ ሥር ሲሆን ደግሞ ብርሃን ፍለጋ ይበልጥ ይረዝማል፣ ይቀጥናል። በጎማ (አጋሮ)፣ በማና፣ በጌራ እና በሊሙ ኮሳ ወረዳዎች ዋናው ለቀማ በአብዛኛው ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ይካሄዳል። ፍሬው በአንድ ጊዜ ስለማይቀላ ለቃሚው ወደ አንድ ዛፍ ደጋግሞ ይመለሳል።

ለቃሚው በአንድ እጁ ቅርንጫፉን ወደ ታች ጎትቶ ይይዛል፣ በሌላው ቀዩን እሸት ይለቅማል። ቶሎ የሚደክመው የሚለቅመው እጅ ሳይሆን የሚይዘው ነው፤ ከራስ በላይ ተዘርግቶ ሸክም እንደያዘ ይቆያልና። በዚህ ሁኔታ በትከሻ አናት ላይ ባለው አጥንት ሥር የሚያልፈው ጅማት ይጨመቃል። ሥራው ለሳምንታት ሲደጋገም ጅማቱ ሊቆጣና ሊያም ይችላል።

ለቃሚ ብዙውን ጊዜ የሚከፈለው በኪሎ ስለሆነ አለመድረስ በቀጥታ ገቢ ይቀንሳል። ባለ እርሻውም ይጎዳል። ሳይለቀም ከላይ የቀረ ፍሬ እዚያው ይደርቃል ወይም ይረግፋል፤ ለቡና ፍሬ ቦርቧሪ ተባይም መጠለያ ይሆናል። በኃይል የተጎተተ ቅርንጫፍ ከተሰበረ ደግሞ ጉዳቱ ለሚቀጥለው ዓመት ይተርፋል፤ ቡና የሚያፈራው ባለፈው ወቅት ባደገው እንጨት ላይ ነውና። ለዚህ ነው ጫፉ ቆልመም ያለ እንጨት ከእጅ ብቻ የሚሻለው፦ ቅርንጫፉን ቀስ አድርጎ ያወርዳል፣ ክንዱም ከትከሻ በታች ሆኖ ይሠራል። መሰላል በተዳፋት መሬት ላይ አስተማማኝ አይደለም።

በቫልቭ ልምምድ

ሁለት ሲሊንደር ተሸክመው የሚጠልቁ ሰዎች ከራሳቸው ኋላ ሦስት መዝጊያዎች አሏቸው፦ በቀኝና በግራ አንድ አንድ፣ እንዲሁም መካከል ላይ ሁለቱን ሲሊንደሮች የሚለያይ አንድ። ከመተንፈሻዎቹ አንዱ ተበላሽቶ አየር ማፍሰስ ከጀመረ ጠላቂው ትክክለኛውን መዝጊያ ሳያይ በእጁ ፈልጎ መዝጋት አለበት፤ ካልዘጋው አየሩ በደቂቃዎች ውስጥ ሊያልቅ ይችላል። ጥልቅ ውኃ ውስጥ ወይም ዋሻ ውስጥ ያለ ሰው በቀጥታ ወደ ላይ መውጣት ስለማይችል ቫልቮቹን በቅደም ተከተል መዝጋትና መክፈት ደጋግሞ ይለማመዳል።

እንቅስቃሴው ሻሽ ከኋላ ከማሰር ወይም የራስን ፀጉር ከማጅራት ላይ ከመሥራት ጋር ይመሳሰላል። ክርኑ ወደ ፊትና ወደ ላይ ይነሳል፣ ክንዱ ወደ ውጭ ይዞራል፣ እጁ ወደ ማጅራት ይወርዳል። ስለዚህ እጁን ወደ ላይ አሳምሮ የሚዘረጋ ሰው እንኳ ወደ ኋላ መድረስ ሊያቅተው ይችላል።

ከሰውነት በፊት የሚስተካከለው

በሁለቱም ሥራዎች መጀመሪያ መታየት ያለበት ትከሻው አይደለም። ጠላቂው ሲሊንደሮቹን ትንሽ ከፍ አድርጎ ቢያስር፣ የትከሻ ማሰሪያውን ቢያላላና ብብቱ ላይ የማይዝ ልብስ ቢመርጥ፣ ሳይደርስ የቀረው እጅ በዚያው ቀን ሊደርስ ይችላል። ልምምዱ ደረቅ መሬት ላይ ይበልጥ እንደሚከብድም ማወቅ ይጠቅማል፤ የሲሊንደሮቹ ክብደት ማሰሪያውን ትከሻ ላይ ይጫነዋልና።

በቡናም እንዲሁ ዛፉን ማሳጠር ይቻላል። አንዱ መንገድ ግረዛ ነው። ሌላው ያረጀውን ግንድ ከመሬት ከ30 እስከ 45 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ላይ ቆርጦ አዲስ ቀንበጥ እንዲያወጣ ማድረግ ሲሆን ጉንደላ ይባላል። ጉንደላ ዛፉን ያድሳል፤ ነገር ግን አዲሱ ቀንበጥ ፍሬ እስኪሰጥ ሁለት ዓመት ወይም ከዚያ በላይ ይፈጃል። ከቡና ሌላ ገቢ የሌለው ገበሬ ማሳውን በአንድ ጊዜ ለመጎንደል ቢያመነታ አይፈረድበትም፤ በየዓመቱ የተወሰነውን ክፍል መጎንደል የሚመከረውም ለዚህ ነው።

ሦስተኛው መንገድ ዝርያ መምረጥ ነው። እ.ኤ.አ. በ1971 የቡና ፍሬ በሽታ በኢትዮጵያ ከታየ በኋላ በጅማ የግብርና ምርምር ማዕከል በሽታውን የሚቋቋሙ ዛፎች ተመርጠዋል። ከእነዚህ ውስጥ 74110 እና 74112 የተባሉት ቅርንጫፋቸው የተሰበሰበ ነው። የተመረጡት በሽታን ስለሚቋቋሙ ቢሆንም ለለቃሚ እጅም ይቀርባሉ። የቁጥራቸው መነሻ 74 የተመረጡበትን ዓመት፣ እ.ኤ.አ. 1974ን ያመለክታል።

ስፋቱን ማሻሻል

ቀሪው ጉድለት የሰውነት ከሆነ በልምምድ ይሻሻላል፤ ሆኖም ለውጡ የሚመጣው በቀናት ሳይሆን በሳምንታት ነው፣ ለመኸር የሚዘጋጅ ሰው በነሐሴ ቢጀምር ይሻላል። ሰውነትን ጥቂት በመራመድ ካሞቁ በኋላ የተጠቀለለ ጋቢ ከላይኛው ጀርባ ሥር አድርጎ በጀርባ መተኛትና ክንዶችን ቀስ ብሎ ወደ ራስጌ መዘርጋት ጀርባን ያቃናል። በበር መቃን ላይ ክንድን አስደግፎ ወደ ፊት ዘንበል ማለት የደረትን ጡንቻ ይስባል። ጀርባን ግድግዳ ላይ አስደግፎ ክንዶችን ወደ ላይ ማንሸራተት ደግሞ የትከሻ ሰሌዳውን ያሠራል። ሲሳብ 30 ሰከንድ ያህል ቆይቶ ሁለት ሦስት ጊዜ መድገም ይበቃል። ማንጠር ወይም በሌላ ሰው እጅ መገፋት ግን ጉዳት ሊያመጣ ይችላል።

መለጠጥ ብቻውን አይበቃም። ክንድ የሚደርስበት ቦታ ላይ ኃይል ከሌለው መዝጊያውን አያዞርም፣ ቅርንጫፉንም አይዝም። በውኃ የተሞላ ትንሽ የፕላስቲክ ጠርሙስ ይዞ ክንድን ቀስ ብሎ ማንሳትና ማውረድ ለመጀመሪያ በቂ ሸክም ነው።

የመሳብ ስሜት የተለመደ ነው፤ የሚወጋ ሕመም ግን አይደለም። ሌሊት ከእንቅልፍ የሚቀሰቅስ ሕመም፣ የእጅ መደንዘዝ፣ ወይም ከመውደቅ በኋላ ክንድን ማንሳት አለመቻል በጤና ባለሙያ መታየት አለበት። ትከሻ ያለ ግልጽ ምክንያት ቀስ በቀስ እየደረቀ የሚሄድበት ሕመምም አለ፤ በአብዛኛው ከ40 እስከ 60 ዓመት ባሉት ላይ ይታያል፣ የስኳር ሕሙማንን ደግሞ ይበልጥ ያጠቃል።