ከምስጠራ የተረፈው ቅጂ

40 ጊጋባይት የሚይዝ ቪዲዮ አለ እንበል። ባለቤቱ ሌላ ሰው እንዳያየው መሰጠረው፤ ዋናውንም ሰረዘ። ዲስኩን ሲያይ ግን የተያዘው ቦታ 80 ጊጋባይት ሆኖ ጠበቀው። ብዙ ሰው እዚህ ላይ «ቦታዬን ምን በላው?» ብሎ ይጠይቃል። እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነው፦ ያ ትርፉ 40 ጊጋባይት የተመሰጠረ ነው ወይስ ማንም ከፍቶ የሚያየው?

መመስጠር ሲባል ፋይሉን ሣጥን ውስጥ ከቶ መቆለፍ ይመስለናል። ኮምፒውተሩ የሚሠራው ግን እንደ ቁም ጸሐፊ ነው። ዋናውን ከፊቱ ዘርግቶ እያነበበ ሌላ ብራና ላይ በምስጢር ይገለብጣል። ሥራው እስኪያልቅ ሁለቱ ብራናዎች ጎን ለጎን መቀመጣቸው ግድ ነው። ትንሽ ፋይል በቅጽበት ስለሚያልቅ ማንም ልብ አይለውም። ትልቁ ግን ጊዜ ይፈጃል፤ መሐል ላይ መብራት ከሄደ ወይም ዲስኩ ከሞላ ፕሮግራሙ የጀመረውን ሳያነሣ ይቆማል። (ፋት32 በተባለው የፋይል አደራደር የተዘጋጀ ፍላሽ ላይማ አንድ ፋይል 4 ጊጋባይት መሙላት ስለማይችል ነገሩ ገና መንገድ ላይ ይቀራል።)

ከዊንዶውስ 2000 ጋር የመጣው ኢኤፍኤስ የተባለው የፋይል መመስጠሪያ ሥራው ቢቋረጥ መረጃው እንዳይጠፋ ብሎ ያልተመሰጠረ መጠባበቂያ ቅጂ ያወጣል፤ ሲጨርስም ይሰርዘዋል። ጥንቃቄው ራሱ ቀዳዳ ሆነ። መሰረዝ ማለት ከመጽሐፉ ማውጫ ላይ ርእሱን መፋቅ ነውና፣ ገጾቹ ሌላ ጽሑፍ እስኪያርፍባቸው ባሉበት ይቆያሉ። የኤምአይቲ ተመራማሪዎቹ ሲምሰን ጋርፊንክልና አቢ ሼላት በ2003 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት 158 ያገለገሉ ዲስኮች ገዝተው ሲፈትሹ ከ5,000 በላይ የክሬዲት ካርድ ቁጥሮች አግኝተውባቸዋል።

ማይክሮሶፍት መላ ብሎ ያመጣው፣ ሳይፈር የተባለው ትእዛዝ ላይ ደብልዩ የሚለውን ፊደል መጨመር ነው። ባዶ የተባለውን ቦታ ሁሉ ሦስት ጊዜ ይደልዘዋል፤ መጀመሪያ በዜሮ፣ ቀጥሎ በአንድ፣ በመጨረሻ በዘፈቀደ ቁጥሮች። የሚያስቀው፣ ጠራጊው ራሱ ቆሻሻ መተዉ ነው። ቦታውን የሚሞላው ግዙፍ ጊዜያዊ ፋይሎች እየፈጠረ ስለሆነ፣ ሰው ሰልችቶት መስኮቱን ከዘጋው ስሙ በ«ኢኤፍኤስቲኤምፒ» የሚጀምር ፎልደር ዲስኩን ሞልቶ ይቀራል። ውስጡ መደለዣ ቁጥር ብቻ ነውና ያለ ስጋት ሊሰረዝ ይችላል።

ከምስጠራው የቀረውን ሌላውን ትራፊ ግን እንዲህ በድፍረት አይነኩትም። መጀመሪያ የተመሰጠረውን ፋይል በይለፍ ቃሉ ከፍቶ፣ ቪዲዮ ከሆነም መጨረሻው ድረስ እየዘለሉ ማየት ያስፈልጋል። እምቢ ካለ ያ «ቆሻሻ» የቀረዎት ብቸኛ ደህና ቅጂ ሊሆን ይችላል። ከተከፈተ ኮምፒውተሩን አጥፍተው ያስነሡና ዋናው ፋይል የነበረበትን ፎልደር፣ ቴምፕ የተባለውንም ጭምር፣ በመጠን ደርድረው ይመልከቱ። ሰቨን ዚፕን የመሰሉ ፕሮግራሞች የተቆለፈ ፋይል ውስጥ ያለ ሰነድ ሲከፈት ቴምፕ ውስጥ ፈትተው ያስቀምጡታል፤ ስለዚህ ለማንበብ ብቻ የከፈቱትም እዚያ ሊገኝ ይችላል። ሪሳይክል ቢንም አይረሳ።

ኤስኤስዲ በተባለው የዲስክ ዓይነት ላይ ግን መደለዙም አያስተማምንም። ሴሎቹ እኩል እንዲያረጁ አዲሱን ጽሑፍ ሌላ ቦታ ስለሚያሳርፈው፣ አሮጌው ሳይነካ ሊቆይ ይችላል። ለዚህ ነው ከነጠላ ፋይል ይልቅ አስቀድሞ ዲስኩን በሙሉ ዊንዶውስ ላይ በቢትሎከር፣ ማክ ላይ ደግሞ በፋይልቮልት መመስጠርን የምመርጠው። ጊዜያዊ ፋይሎቹ ያኔም አይቀሩም፤ ዲስኩ ላይ የሚያርፉት ግን ተመስጥረው ነው። ቢትሎከር የሚሰጠውን ባለ 48 አሃዝ የመመለሻ ቁልፍ ወረቀት ላይ ገልብጦ ሌላ ቦታ ማስቀመጥ ብቻ ይቀራል።